ስትራቫ ላይ ተሳስቶ የተመዘገበ ሩጫ፦ ምኑ ይስተካከላል፣ ምኑስ አይነካም?

የእሁድ_ረጅም

ሰላም ለሁላችሁም። የሩጫ ቡድናችንን የስትራቫ (ሩጫ የሚመዘገብበት መተግበሪያ) ክለብ መዝገብ የምከታተለው እኔ ነኝ። አብዛኛው አባል አዲስ አበባ ነው፤ ጥቂቶቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ናቸው። የሁሉም መረጃ ከጋርሚን ሰዓት ወደ ጋርሚን ኮኔክት (የሰዓቱ መተግበሪያ)፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ስትራቫ ይሄዳል። ሰኞ ሰኞ ስናጣራ ሁሌም የሚያከራክሩን ሦስት ነገሮች አሉ።

ሱሉልታ ሮጦ ሰዓቱን ሳያቆም ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው 18 ኪሎሜትሩ 41 ሆኖ ይመጣል። ትሬድሚል ላይ 10 ኪሎሜትር የሮጠው ደግሞ ሰዓቱ 9.2 ብቻ ይሰጠዋል፤ ጋርሚን ኮኔክት ላይ 10 ብለን ብናርመውም ስትራቫ ላይ ያው 9.2 ነው። እንጦጦን አብረው፣ በአንድ መንገድ፣ እግር በእግር የሮጡ ሁለት ሰዎች ደግሞ የወጡት ዳገት በ140 ሜትር ይለያያል።

«አጥፍቶ በእጅ መመዝገብ ነው» የሚሉ አሉ። ካርታውና የልብ ምቱ አብሮ እንዳይጠፋ ስለምፈራ እስካሁን አልተስማማሁም። የትኛው ስህተት የት ይታረም?

---

ጃንሜዳ_ላፕ

ፍርሃትህ ልክ ነው፣ አታጥፉ። በእጅ የገባ ሩጫ ካርታ የለው፣ የልብ ምት የለው፣ ሴግመንት (የሯጮች ሰዓት የሚወዳደርበት የመንገድ ክፍል) አይቆጠርለት፤ አብዛኞቹ ቻሌንጆችም አይቀበሉትም። እሱ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ የሚኬድበት ነው።

ስትራቫ ላይ ለምን አልተቀየረም ላልከው፦ ሩጫው ከጋርሚን ወደ ስትራቫ የሚሻገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ። ከተሻገረ በኋላ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች አሉ ማለት ነው። ጋርሚን ላይ ያረማችሁት ስትራቫ አይደርስም፤ ከስትራቫ ያጠፋችሁትም ጋርሚን ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እርማቱ ሁለቱም ቦታ መደረግ አለበት፣ ወይም ከነጭራሹ ሩጫው ሴቭ ሳይደረግ ሰዓቱ ላይ።

ወደ ሚኒባሱ እንምጣ። መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ዋናውን ፋይል አውርዱ። ስትራቫን በኮምፒውተር ብራውዘር ክፈቱ፣ ሩጫው ውስጥ ግቡ፣ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኩ «ኤክስፖርት ኦሪጅናል» የሚል ታገኛላችሁ። ይህን የሚያየው የሩጫው ባለቤት ብቻ ስለሆነ አንተ ለአባላቱ ልታደርግላቸው አትችልም፤ እያንዳንዱ ራሱ ያውርድ። ይህ ለምን አስፈለገ? ክሮፕ (ሩጫውን መቁረጥ) ወደ ኋላ አይመለስም። አንዴ ሴቭ ካላችሁ የተቆረጠው ሄደ።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ክሮፕ» የሚለውን ክፈቱ (ስልክ ላይም አለ፣ ግን በጣት ትክክለኛውን ሰከንድ መያዝ ያናድዳል)። ክሮፕ የሚቆርጠው ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ብቻ ነው። መቁረጫው ነጥብ የት እንደሆነ ካርታው ብቻውን አይነግራችሁም፤ ሚኒባሱም ያንኑ አስፋልት ነው የሚሄደው። የፔሱን (አንድ ኪሎሜትር የፈጀውን ደቂቃ) እና የልብ ምቱን ግራፍ አንድ ላይ እዩ። ፔሱ እየፈጠነ የልብ ምቱ እየወረደ ከሄደ ሰውየው እዚያ ጋ ተሳፍሯል። ቁርጡን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሩጫው ቆሞ ታክሲ ሲጠበቅ በነበረበት ላይ አድርጉት። ደግሞ የትራፊክ መጨናነቅ እንዳያሳስታችሁ፤ በጭንቅንቅ ውስጥ ሚኒባስ በሯጭ ፔስ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ የሚፈርደው የልብ ምቱ ነው።

ስህተቱ መሐል ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሮጦ፣ ታክሲ ይዞ፣ ወርዶ እንደገና የሮጠ ከሆነ፣ ክሮፕ አይሠራም። «ስፕሊት» ነው የሚያስፈልገው፤ ይህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ሩጫውን እስከ ሦስት ቦታ ይከፍልላችኋል፤ የታክሲውን ክፍል ታጠፋላችሁ፣ ሁለቱ ሩጫዎች ይቀራሉ። ዋጋው ግን የመጀመሪያው መዝገብ ጠፍቶ አዳዲስ መፈጠራቸው ነው፤ የነበረው ኩዶስ (የአድናቆት ምልክት) እና አስተያየት አብሮ ይሄዳል።

ለማጣሪያ የሚሆን አንድ ቁጥር ልጨምር። የወንዶች የ1,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ኬንያዊው ኖህ ንጌኒ በ1999 የሮጠው 2:11.96 ነው። ከአባላቱ አንዱ አንድ ኪሎሜትር ከ2:12 በታች ከገባ ወይ ጎማ ላይ ነበር ወይ ጂፒኤሱ ዘሏል፤ ስብሰባ አያስፈልገውም። ቶሎ ማረሙ ደግሞ ለሌላው ሰው ሲባል ነው፦ ሚኒባሱ ባለፈበት ሴግመንት ሁሉ አንደኝነቱን ይነጥቃል፣ የሴግመንቱ ባለ ክብረ ወሰንም መልእክት ይደርሰዋል። ሩጫው ፍላግ ከተደረገ (ስህተት አለበት ተብሎ ከተጠቆመ) ባለቤቱ ራሱ የመኪናውን ክፍል ቆርጦ ሊያስነሳው ይችላል።

በመጨረሻ ጋርሚን ኮኔክት ላይም ግቡና በ«ኤዲት አክቲቪቲ» ርቀቱንና ሰዓቱን አርሙ፤ አለበለዚያ እዚያ ያለው የወሩ ድምርና የጫማው ኪሎሜትር 41ን ይዞ ይቀጥላል።

---

ቤልት_ቆጣሪ

የትሬድሚሉን እኔ ልያዘው። እዚህ ሜሪላንድ ክረምት ሲገባ ሁሉም ሰው ትሬድሚል ላይ ስለሆነ ጥያቄው በየሳምንቱ ይነሳል።

ቤት ውስጥ ጂፒኤስ የለም፤ ሰዓቱ ርቀቱን የሚገምተው ከክንድ እንቅስቃሴና ከእርምጃ ብዛት ነው። የማሽኑን እጀታ ይዞ የሚሮጥ ሰው ክንዱ ስለማይወዛወዝ ርቀቱ ያንሳል። ብዙዎቹ የጋርሚን ሰዓቶች ሩጫው ሲያልቅ «ካሊብሬት ኤንድ ሴቭ» የሚል ምርጫ ይሰጣሉ፤ ቢያንስ 2.4 ኪሎሜትር (1.5 ማይል) መሮጥ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ማሽኑ ያሳየውን ቁጥር ማስገባት ነው። ይህ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ፋይሉ ወደ የትም ሳይሄድ ይታረማል፣ ለሚቀጥለውም ሰዓቱ ይማርበታል። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ማሽኑ በማይል፣ ሰዓቱ በኪሎሜትር ከሆነ 6.2 ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ማይሉን በ1.609 አባዙ።

ማሽኑስ ልክ ነው ወይ? እሱም ይዋሻል። ማሽኑን ነቅላችሁ የቤልቱን (የሚሮጥበትን ተሽከርካሪ ቀበቶ) ሙሉ ዙር በሜትር ለኩ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ ሰው እየሮጠበት 100 ዙር ቁጠሩ። ባዶውን አትለኩት፤ ክብደት ሲያርፍበት አንዳንዱ ይዘገያል። ቤልቱ 3 ሜትር ከሆነ 100 ዙር 300 ሜትር ነው፤ በ10 ኪሎሜትር በሰዓት ይህ 108 ሰከንድ መፍጀት አለበት። 114 ከፈጀ ማሽኑ 5 በመቶ ያህል አጋንኖ ነው የሚያሳየው፣ ያንን ቁጥር ሰዓቱ ላይ መጫን ስህተቱን ማባዛት ነው።

አንዴ ስትራቫ ለገባው 9.2 የሚሠራው መንገድ ፋይሉን ማረም ነው። ከጋርሚን ኮኔክት በቲሲኤክስ (TCX) የፋይል ዓይነት አውርዱት። ሰዓቱ የሚፈጥረው የፊት (FIT) ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ አይነበብም፤ ቲሲኤክስ ግን ተራ ጽሑፍ ነው። ውስጡ «ዲስታንስ ሜትርስ» የሚል ሁለት ቦታ ላይ ታያላችሁ፦ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተደመረ ርቀት ሲሆን፣ በላፑ (ሰዓቱ ሩጫውን በከፈለበት ክፍል) ራስ ላይ ያለው የላፑ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ቁጥር አባዙ፤ 10 ለ9.2 ሲካፈል 1.087። የመጨረሻውን ነጥብ ብቻ ብትቀይሩት ሰውየው በአንድ ሰከንድ 800 ሜትር የዘለለ ይመስላል። ሰዓቱንና የልብ ምቱን አትንኩ።

---

የእሁድ_ረጅም

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ አባል የታረመውን ፋይል ሲጭን «ዱፕሊኬት» ብሎ መለሰበት። አሮጌው መጀመሪያ መጥፋት አለበት ማለት ነው?

---

ቤልት_ቆጣሪ

አዎ። በዚያው ሰዓት የተመዘገበ ሩጫ ካለ ስትራቫ ሁለተኛውን አይቀበልም። ቅደም ተከተሉ፦ የታረመው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ዋናውም አብሮ መኖሩን ማረጋገጥ፣ አሮጌውን ከስትራቫ ማጥፋት፣ አዲሱን በአፕሎድ ገጹ መጫን (አንድ ፋይል ከ25 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም፣ በአንድ ጊዜ 25 ፋይል ይቻላል)። ከዚያ አርዕስቱን፣ ጫማውንና «ትሬድሚል» የሚለውን ምልክት እንደገና መሙላት። የስትራቫ ማጥፋት መልሶ ማግኛ የለውም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታገላብጡት።

---

እንጦጦ_ባሮሜትር

የእንጦጦው 140 ሜትር ስህተት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የሁለቱን ሰዓት ሞዴል ጠይቁ። ለምሳሌ የጋርሚን ፎርራነር 55 ባሮሜትር (ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ መሣሪያ) የለውም፣ ፎርራነር 255 አለው። ባሮሜትር ከሌለው ሰዓት የመጣ ሩጫ ከሆነ ስትራቫ ከፍታውን ከራሱ የካርታ መረጃ ይወስዳል፤ ካለው ግን ሰዓቱ የለካውን ያምናል። ሁለት የተለያየ መለኪያ ነው እያነጻጸራችሁ ያላችሁት። ለውድድር አንድ ይሁን ካላችሁ፣ ባለ ባሮሜትሩ ኮምፒውተር ላይ ከፍታው ከተጻፈበት አጠገብ «ኮሬክት ኤሌቬሽን» የሚለውን ይጫን፤ ሁለቱም በካርታው ይለካሉ። እኔ ግን ደህና የሚሠራ ባሮሜትር ካለ እሱን ነው የማምነው። ካርታው በባሕር ዛፉ መሐል ያለውን ትንንሽ ወጣ ገባ ያለሰልሰዋል።

ባሮሜትሩም የሚያብድበት ጊዜ አለ። የሚለካው የአየር ግፊት ነው፤ 1 ሄክቶፓስካል ለውጥ በባሕር ጠለል 8 ሜትር ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 11 ሜትር አካባቢ ነው። በእኛ አገር ግፊቱ በየቀኑ ከማለዳ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ይወጣል፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ ረጅም የማለዳ ሩጫ ላይ፣ ወደ ተነሳችሁበት ቦታ ስትመለሱ ሰዓቱ 20 ወይም 30 ሜትር ዝቅ ብላችኋል ቢል የሚገርም አይደለም። መነሻና መድረሻችሁ አንድ ከሆነ የሁለቱን ልዩነት እዩ፤ እስከዚያ ድረስ ከሆነ ተዉት። ከመቶ ሜትር ካለፈ የባሮሜትሩ ቀዳዳ በላብ ወይም በዝናብ ተደፍኗል ወይም ጃኬት ሸፍኖታል። ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፤ መርፌ አታስገቡበት።

ብዙ ሰው የሚስተው፦ ሲነሳ ከፍታው 2,300 በመሆን ፈንታ 2,200 ቢል የወጣችሁት ዳገት ድምር አይለወጥም፤ ሁሉም ነጥብ እኩል ነው የወረደው። ድምሩን የሚያበላሸው በሩጫው መሐል የሚመጣ ለውጥ ነው።

---

ኮተቤ_ፔስ

ባትነኩት የሚሻለውንም ልጨምር።

የውድድር ርቀት አትከርክሙ። በደንብ የተለካ ጎዳና የሚለካው በአጭሩ መስመር ነው፤ እንዳያንስ ደግሞ በየኪሎሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል። ሰው በተጨናነቀበት 10 ኪሎሜትር ላይ፣ ታላቁ ሩጫን አስቡ፣ ግራ ቀኝ እየዞሩ መሮጥ አለ፤ ሕንፃ በበዛበትም ጂፒኤሱ ይንከራተታል። 10.2 ቢል እውነት ነው፣ ተዉት። ይልቅ የሩጫውን ዓይነት «ሬስ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ስትራቫ ያኔ ፔሱን የሚያሰላው የቆማችሁበትንም ጨምሮ በጠቅላላው ሰዓት ነው።

«ኮሬክት ዲስታንስ» የሚለውንም ለዚህ አትጠቀሙበት። እሱ የሚሠራው የሰዓቱን ወይም የፉትፖዱን (ጫማ ላይ የሚታሰር ርቀት መለኪያ) ርቀት አንስቶ በጂፒኤስ ነጥቦች በተሰላው መተካት ነው። ጂፒኤሱ ራሱ የተበላሸ ከሆነ ያባብሰዋል። ደግነቱ መመለስ ይቻላል።

ቤቱ እንዳይታይ ብሎ መነሻውን ክሮፕ የሚያደርግ አባል ካለ ኪሎሜትሩን በከንቱ ነው የሚጥለው። በፕራይቬሲ ውስጥ «ማፕ ቪዚቢሊቲ» ላይ መነሻና መድረሻውን ከ200 እስከ 1,600 ሜትር መደበቅ ይቻላል፤ ርቀቱ ሙሉ ሆኖ ይቆያል።

የግድ በእጅ የሚገባ ካለ ሰዓቱንና ቀኑን አስተውሉ። ማለዳ 12:30 የሮጠ ሰው 6:30 ኤኤም ብሎ ማስገባት አለበት፤ 12:30 ካለ ወይ እኩለ ሌሊት ወይ ቀትር ላይ ይወድቃል። ከደብተር የሚገለብጡም ዓመቱን ይዩ፦ ጥር 11 ቀን 2017 ብሎ የጻፈ ሰው መተግበሪያው ላይ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው የሚያስገባው። 2017 ብሎ ካስገባው ሩጫው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል፣ የሳምንቱ ዝርዝር ላይም አይታይም። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት 21 አንድ ቀን ይጨመራል፤ ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር።