የአየር ንብረት ሞዴልን መዛባት ሳርም የዝናብ ለውጡ እየተጋነነብኝ ነው፤ መላ ያላችሁ?

ሰላም። የአየር ንብረት ለውጥ በአንድ ተፋሰስ የወንዝ ፍሰት ላይ የሚያመጣውን ተጽዕኖ እያሰላሁ ነው። የኮርዴክስን (የክልላዊ የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ) ዕለታዊ ዝናብ (የካርታ ሕዋሱ ስፋት 0.44 ዲግሪ፣ በከፍተኛ ልቀት መላምት አርሲፒ 8.5) ከቸርፕስ (ከሳተላይትና ከጣቢያ ልኬት የተቀናበረ የዝናብ መረጃ) ጋር አነጻጽሬ በኳንታይል ማፒንግ (የሞዴሉን የዝናብ ስርጭት ከቸርፕስ ስርጭት ጋር ማስተካከል) አረምኩት፤ መነሻ ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2005 ነው።

በመነሻው ዘመን ወርሃዊ አማካዩ ከቸርፕስ ጋር ልክክ ይላል። ከ2041 እስከ 2070 ባለው ላይ ግን ጥሬው ሞዴል መጠነኛ ጭማሪ በሚያሳይበት ወር፣ ከእርማቱ በኋላ ጭማሪው እጥፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። አልፎ አልፎም ማንም የማያምነው የአንድ ቀን ዶፍ ይመጣል። ይሄኛው እንኳ ምክንያቱ አይጠፋም፦ በመነሻው ዘመን ከታየው ከፍተኛ መጠን በላይ ያለውን ኮዱ የመጨረሻውን ቁልቁለት ይዞ ያስረዝመዋል።

አሃዱን በ86400 (በአንድ ቀን ሰከንዶች) አባዝቼ ወደ ሚሊሜትር በቀን ቀይሬአለሁ። የሃድጌም2 (ኮርዴክስን የሚመግበው ዓለም አቀፍ ሞዴል) ዓመት 360 ቀን ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30ን ጭምር ለብቻው ይዤዋለሁ። ሞዴሉ የሚያበዛውን ካፊያም የዝናባማ ቀናት ብዛት ከቸርፕስ ጋር እስኪገጥም ድረስ ቆርጬዋለሁ። ስለዚህ እነዚህን ባታነሱብኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ኳንታይል ዴልታ ማፒንግ ልሻገር አስቤ ነበር፤ አንጻራዊ ለውጡን ይጠብቃልና። ነገር ግን በበጋ ወራት አካፋዩ (የሞዴሉ የመነሻ ዘመን ዝናብ) ወደ ዜሮ ሲጠጋ የወደፊቱና የመነሻው ዝናብ ጥምርታ ይፈነዳል። ጥምርታውን የምትገድቡት በስንት ነው? ወይስ ደረቅ ወራትን በሦስት ወር ተንሸራታች መስኮት ማዋሃድ ይሻላል? ሌላው፣ እርማቱ በ0.44 ዲግሪ ተሠርቶ ነው ወደ ቸርፕስ 0.05 ዲግሪ የሚወርደው ወይስ በቀጥታ በ0.05 ይሠራል? በቀጥታ ሲሆን በአንድ ትልቅ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ሁሉ በአንድ ቀን አብረው ይዘንባሉ፤ የጎርፍ ጣሪያውም ያለቅጥ ያብጣል።