ኮንትሮሉም ልቡ ያብጣል፤ የዓሣ ሽል ላይ የሠራችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጎንደር ላይ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። የአምባዛ ሽሎችን ቢዲኢ-47 ውስጥ አቆይቼ እድገታቸውን እከታተላለሁ። ኬሚካሉ ሶፋ ስፖንጅ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ይጨመር ከነበረው ቅልቅል አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት ታግዷል። የታይሮይድ ሆርሞንን ስለሚያዛባ የሽል እድገት ላይ ጣጣው ብዙ ነው።

ችግሬ ኮንትሮሉ፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ ያለ ኬሚካል የማቆየው ቡድን ነው። ኬሚካሉ ያልነካቸውም የልባቸው ከረጢት ውሃ ቋጥሮ፣ ጅራታቸው ተጣሞ ይፈለፈላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የልባቸው ምት ይጎተታል። ኬሚካሉን የማሟሟበት ዲኤምኤስኦ ያለበትም ንጹህ ውሃ ብቻ ያለበትም ኮንትሮል ያው ስለሆነ ማሟሟያውን አልጠረጥርም። የምጠረጥረው ብርዱን ነው፤ ሌሊት መብራት ሲሄድ ማሞቂያው ይቆማል፣ የጎንደርን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የዓሣ ሽል የመርዛማነት ፈተና መመሪያ የሆነው ኦኢሲዲ 236 በዜብራፊሽ (በቤተ ሙከራ በተለመደችው ትንሽ ዓሣ) እንኳ ከኮንትሮሉ ቢያንስ 90 በመቶው እንዲተርፍ ይጠይቃል። አማካሪዬ «ድገመው» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም።

ብርድ ብቻውን የልብ እብጠት ያመጣል? ያለ ጀነሬተር ሙቀቱን 26 ዲግሪ አካባቢ ያቆየ አለ? ደግሞ ቢዲኢ-47 ውሃ ስለማይወድ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል፤ በብርጭቆ ሳህን የሠራችሁ መፍትሔውን በየስንት ሰዓቱ ትቀይሩ ነበር?