እናቴን ለሕክምና ባንኮክ ልወስዳት ነው፤ ምን ልዘጋጅ?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር መጨረሻ እናቴን ለሕክምና ባንኮክ እወስዳታለሁ። ቪዛችን ወጥቷል፣ ሆስፒታሉም ቀጠሮ ሰጥቶናል። አገሩን ግን ሁለታችንም አናውቀውም። ኤርፖርት ላይ ምን ይጠይቁናል? ዶላር የት ብንመነዝር ይሻላል? ታክሲውስ እንዴት ነው? ከሁሉም በላይ የጨነቀኝ ምግቡ ነው። የገና ጾም ይገባል፤ እማዬ ደግሞ ብትታመምም ጾም አትገድፍም። ዓሣም አትነካም። የምታውቁ እርዱኝ።

የቦሌ መንገደኛ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ። መጀመሪያ የቢጫ ወባ ካርድ። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ስትወርዱ ለኢሚግሬሽን ከመሰለፋችሁ በፊት የጤና ቁጥጥር ክፍሉን ፈልጉ፤ ካርዱ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን ዘሎ የተሰለፈ ሰው ተራው ሲደርስ ይመለሳል። የታመመ ሰው ይዘሽ ሁለቴ መሰለፍ ከባድ ነው።

እናትሽ 60 ዓመት ካለፋቸውና ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪማቸውን አማክሪ። በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያው ክትባት አልፎ አልፎ ከባድ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ከዚህ በፊት ተከትበው ከሆነ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሌላው የመግቢያ ቅጹ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ በኦንላይን ሆኗል። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ትሞሉታላችሁ። ነጻ ነው፤ ክፈሉ የሚል ድረ ገጽ ካጋጠመሽ ዝጊው።

ነጋዴዋ፦
ዕቃ ለማምጣት ፕራቱናም ወደሚባለው የባንኮክ ገበያ እመላለሳለሁ። የ100 ዶላር ኖት ያዢ፣ ንጹሕና ያልተጣጠፈ ይሁን። ዝርዝር ዶላር በወረደ ዋጋ ነው የሚመነዘረው። ሻንጣ ስትቀበሉ ያሉት ባንኮች ጋ አትመንዝሩ። ወደ ከተማ የሚሄደው ባቡር ያለበት ምድር ቤት ውረዱ፤ እዚያ ያሉት መንዛሪዎች የተሻለ ይሰጣሉ። በውጭ ባንክ ካርድ ከኤቲኤም ገንዘብ ማውጣት በእያንዳንዱ ጊዜ ከ200 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) በላይ ያስቆርጣል።

ባቡሩ ርካሽ ነው። ከታመመ ሰው ጋር ግን ታክሲ ያዢ። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው የታክሲ ተራ ማሽን ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰጥሻል፤ ወረቀቱን እስክትደርሱ አትጣይው። ሜትሩ ከ35 ባት ይጀምራል፣ 50 ባት የኤርፖርት ይጨመራል፣ የፈጣን መንገድ ክፍያም የተሳፋሪ ነው። ሜትር አልከፍትም ካለሽ ውረጂ።

አንድ ነገር አደራ እህቴ። ማንም «ይቺን ለዘመዴ አድርሺልኝ» ቢልሽ አትቀበዪ። ጎረቤትም ቢሆን፣ የታሸገ በርበሬም ቢሆን። የታይላንድ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ እስከ ሞት ያስቀጣል። ሻንጣው ውስጥ የተገኘው ያንቺ ነው፣ አላወቅሁም ማለት አያድንም። ሻንጣችሁን ራስሽ እሰሪ፣ ራስሽ ቆልፊ። ጫት የሚባል ነገርም በሻንጣችሁ አይግባ።

ሱኩምቪት ነዋሪ፦
ስለ ጾሙ እኔ ልንገርሽ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብ እንኳ ናም ፕላ የሚባል የዓሣ ሶስ አለበት። እኛ ጨው እንደምናደርገው ነው የሚጨምሩት። የፓፓያ ሰላጣው ላይ ደግሞ ደረቅ ሽሪምፕ ይወቀጣል። «ቬጀቴሪያን» ብለሽ ብታዢም እንቁላልና ወተት ሊመጣልሽ ይችላል።

የምትፈልጊው «ጄ» ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ታይላንዳውያን የሚጾሙት ጾም ነው፦ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ምልክቱ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ነው፤ ከሩቅ 17 ቁጥር ይመስላል። ምግብ ቤት በር ላይም፣ ሴቨን ኢሌቨን በሚባሉት ሱቆች ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይም ታገኚዋለሽ። የምልክቱን ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪና አሳያቸው።

እንጀራ ካማራቸው ባንኮክ ናና አካባቢ፣ ሱኩምቪት መንገድ ሶይ (ቅያስ) 3 ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ብትችዪ ግን ማብሰያ ያለው አፓርትመንት ተከራዪ። ሽሮ፣ ድርቆሽና በሶ ከአገር ቤት ያዢ። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ።

የእማዬ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሆስፒታል ከተኛችስ?

ነርሷ፦
ስትገቡ ያለ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት፣ የዓሣ ሶስም እንዳይገባ ብለሽ ካርዷ ላይ አስጽፊ። የአማርኛ አስተርጓሚ ያላቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከአሁኑ በኢሜይል ጠይቂ። ከዚያ በላይ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩ። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ታዝናለች። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ካዘዘ፣ አባ ቀድመው የተናገሯትን ትሰማለች እንጂ ያንቺን ልመና አትሰማም።

መድኃኒቷን ከነካርቶኑ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ያዢ። እዚያ የሚሰጧችሁ መድኃኒት ላይ 2569 የሚል ዓመት ብታዪ አትደንግጪ፤ በቡድሃ አቆጣጠር ነው፣ 543 ስትቀንሺ 2026 ይመጣል። ውጭው ቢሞቅም ሆስፒታሉ በኤሲ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢዋ አይቅር። አምቡላንስ 1669፣ የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፤ ሁለቱንም በእሷ ስልክም መዝግቢላት።