የቁንጫ መድኃኒት ታክስ ግራ አጋባኝ

ሰላም ወገኖች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአንዲት ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ሒሳብ እይዛለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐኪሙ ሲያክም ለሚሰጠው መድኃኒት ታክሱን የሚከፍለው ራሱ ሲገዛ ነው፤ ከደንበኛው አይሰበስብም። ሻምፑና የውሻ ማሰሪያ ሲሸጥ ግን እንደ ማንኛውም ሱቅ ነው፤ ሴልስ ታክሱ ቢያንስ 7.25 በመቶ። እስከዚህ ገብቶኛል።

ከሌላ ስቴት ያለ ታክስ ያስመጣነው የቁንጫ መድኃኒት አለ። ግማሹን ዶክተሩ ለሚያክማቸው ሰጠ፤ እሱ ላይ ዩዝ ታክስ (ያለ ታክስ የገዙትን ዕቃ ራስ ሲጠቀሙበት የሚከፈል ታክስ) እንዳለብን አውቃለሁ። ቀሪውን ግን ሰዎች ድመታቸውን ሳያስመረምሩ እየመጡ ይገዛሉ። ይሄ ሽያጭ ነው ወይስ ሕክምና? የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ደርሷል። እኔ ደግሞ (አትሳቁብኝ) ደረሰኙን ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ ነው የደባለቅኩት። የሠራችሁበት ካላችሁ፣ እንዴት እንደምትለዩት ንገሩኝ እባካችሁ።