የኑግ ፋጉሎ ብቻውን ለቆሮሶ ዓሣ ይበቃል?

ባለ ኩሬው (ባሕር ዳር ዙሪያ)
ጤና ይስጥልኝ። 200 ካሬ ሜትር ኩሬ አስቆፍሬ የቆሮሶ ጫጩቶች አስገብቻለሁ። የምመግባቸው የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ነው። ዘይት መጭመቂያው ቅርቤ ስለሆነ ፋጉሎ አላጣም፤ የዓሣ ዱቄት ግን ዋጋው አይቀመስም። ዓሦቹ ሲበሉ አያለሁ፣ ዕድገት ግን የለም። ጭንቅላታቸው ገዝፎ ጀርባቸው ቀጥኗል። በአኩሪ አተር ልደጉማቸው እችላለሁ? ጎረቤቴ ጥሬውን ፈጭተህ ስጣቸው ይለኛል።

የሐዋሳዋ
ወንድሜ፣ ጥሬውንስ በፍጹም እንዳትሰጥ! ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ስላለው ዓሣው ሆዱ ሞልቶም ይከሳል። ቆልተህ ፍጨው። እኔ ምጣዱ ላይ ስስ አድርጌ በመካከለኛ እሳት እያማሰልኩ እቆላዋለሁ፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ሲጠፋና ፍሬው ሲሰበር ውስጡ ወርቃማ ሲሆን አወጣዋለሁ። እንዳያርርብህ፤ ካረረ ሊሲን የሚባለው የፕሮቲኑ አንዱ ክፍል ይጎዳል።

ሊሲን ያልኩህ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ነው። ኑግ ሊሲን ያንሰዋል፣ አሰሩም ብዙ ነው። አኩሪ አተር ደግሞ ሊሲን አለው፣ የሚጎድለው ሜታዮኒን የሚባለው ሌላው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ እሱን ኑግ በተሻለ ይሰጣል። ስለዚህ ፋጉሎህን አትጣለው፣ አጋር ፈልግለት። ለ10 ኪሎ 4 ኪሎ የተቆላ አኩሪ አተር፣ 3 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 3 ኪሎ ፉርሽካ ብታደርግ ፕሮቲኑ ከመቶ 28 ገደማ ይሆናል። ለሚያድግ ቆሮሶ ጥሩ ነው፤ ለትንንሾቹ ጫጩቶች ግን ያንሳል። ዱቄቱን በሙቅ ውኃ ለውሰህ በሥጋ መፍጫ አውጣና ጥላ ላይ አድርቀው። እንዲሁ ከበተንከው ግማሹን ውኃው ይወስደዋል።

ውኃህስ አረንጓዴ ነው? ክንድህን እስከ ክርንህ ስታጠልቅ መዳፍህ ካልታየህ ዓሦቹ ከመኖህ የሚጎድለውን ከውኃው ያገኛሉ። መዳፍህ ቁልጭ ብሎ ከታየህ ፍግ ያስፈልገዋል።

ጣና ዳር
ከመኖው በፊት የኩሬውን ዳር ዳር ተመልከት። ጥቃቅን ጫጩቶች ሲርመሰመሱ ካየህ ዓሦችህ ተራብተዋል ማለት ነው። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ከገባ ቆሮሶ ገና በትንሽነቱ ይራባል፣ ኩሬው ይጣበባል፤ ያኔ ምንም ብትመግብ አያድግም። ትልልቆቹን ወንዶች ለይተህ አስቀር።

ባለ ኩሬው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫጩቶቹ እውነትም አሉ፤ ነገ በመረብ አወጣቸዋለሁ። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ጓዳ የተከማቸው ፋጉሎ ጥግ ጥጉ ሻግቷል። ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይድናል?

የሐዋሳዋ
አይድንም። ፀሐይ ሻጋታውን ቢያደርቀውም አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታው መርዝ እዚያው ይቀራል፣ የዓሣውንም ጉበት ይጎዳል። ለላምም እንዳትሰጠው፤ በወተቱ በኩል ልጆች ጋ ይደርሳል። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ የሻገተ ፋጉሎ በርካሽ ዋጋ ሲሸጥ አያለሁ፣ የሚገዛውም አቅም ያጣው ገበሬ ነው። የሻገተውን ከነአካባቢው ቆርሰህ ቅበረው። የቀረውን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አርቀህ አስቀምጥ፤ ከእንግዲህም የወር ፍጆታህን ብቻ ግዛ።