ድመት፣ ከሰልና ያልደረቀ ቀለም፦ በአንድ ሳሎን ውስጥ ሞዴል መሥራት (ደሴ)

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ደሴ ነው፤ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይዣለሁ። አንደኛው 1:72 የፕላስቲክ ኪት (ክፍሎቹ ለየብቻ መጥተው የሚገጣጠም ሞዴል) ነው፦ ዳግላስ ሲ-47፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ዓይነት። ሁለተኛው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ይኼ ኪት የለውም፤ ከጀሶ በ1:100 ልቀርጸው አስቤያለሁ።

የቤቱ ሁኔታ እንዲህ ነው። ያለኝ አንድ ጠረጴዛ ነው፣ ሳሎን መስኮቱ ሥር። ምሳና እራት የሚቀርበውም እሱ ላይ ስለሆነ በቀን ሁለቴ መለቀቅ አለበት። ቤት ውስጥ ድመት አለች፣ በረንዳ ላይ አራት ዶሮዎች አሉ፣ የሦስት ዓመት ልጅም አለ። ቡናው ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ይፈላል፤ ከሰሉም ዕጣኑም እዚያው ሳሎን ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚስማማ አሠራር ንገሩኝ። ሙጫና ቀለም በየትኛው ሰዓት? ድመቷን የሚጎዳው የትኛው ነው? የጀሶውንስ ብናኝ ምን ላድርገው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ጠረጴዛው የምሳና የእራት ስለሆነ እሱን አትመካበት። ሥራህን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ አድርገውና ሲነሳ እንዳለ ይነሳ። የሲ-47 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ነው፤ ለ72 ሲካፈል 40 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከአፍንጫ እስከ ጅራት 27 ሴንቲ፣ ከፍታው 7 ሴንቲ ይሆናል። ስለዚህ ውስጡ 45 በ32፣ ከፍታው 15 ሴንቲ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃሃል። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ጠርዝ ያለው የብረት ትሪ ፈልግና ሁሉንም ነገር ትሪው ላይ ሥራ። ምሳ ሲደርስ ትሪውን ከነሥራው መልሰህ ትከድናለህ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፕሮፔለሮቹን፣ አንቴናዎቹን፣ ጎማና እግሩን እስከ መጨረሻው አትግጠማቸው፤ ሳጥን ሲገባና ሲወጣ ቀድመው የሚሰበሩት እነሱ ናቸው። ሲ-47 በጅራቱ የሚቀመጥ ስለሆነ አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር አያስፈልግም፤ ይኼ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ጎማቸው ከፊት ለሆኑት ነው። የውጭ ክንፎቹ ግን ወደ ላይ ቀና ስለሚሉ፣ ሲጣበቁ ጫፍና ጫፋቸውን በእኩል ከፍታ በካርቶን ደግፈህ 24 ሰዓት አቆያቸው። ፈሳሹ የፕላስቲክ ሙጫ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያጋጥመው። በጥቂት ደቂቃ የያዘ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። ያኔ ሳጥኑ ቢጋደል ክንፉ ይወርድና እንደወረደ ይደርቃል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሙጫና ቀለም ጠዋት ከ4 ሰዓት ጀምሮ መስኮት ተከፍቶ ይሁን። ቡና ሲፈላ ደረቅ ሥራ ብቻ ሥራ፦ ክፍሎቹን ከስፕሩ (ከተያያዙበት የፕላስቲክ ዘንግ) መቁረጥ፣ ጠርዝ ማስተካከል፣ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍ። ይህን አጥብቄ የምልህ የቲነርና የሙጫ ትነት ከአየር ስለሚከብድ ነው፤ ወለል ወለሉን ሄዶ ከሰል ማንደጃው ጋ ይደርሳል። ስፕሬይ የነፋህበት ክፍል ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ከሰል አይግባበት። ሌላው ደግሞ ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጢስ ቅባት አለው፤ ያልደረቀ ቀለም ላይ ካረፈ ቀጣዩ ቀለም አይይዝም። ቡናው ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሳጥኑ ይከደን።

የሙጫው ብልቃጥ በቀላሉ ይገለበጣል። የብልቃጡን ታች በፌስታል ጠቅልለህ ባዶ የቱና ቆርቆሮ መሃል አቁመውና ዙሪያውን ጀሶ ሙላበት፤ ሲደርቅ ብልቃጡ ይወጣል ይገባል። ድመት ብትገፋው እንኳ አይወድቅም። በነጭ ፎም ግን መቆሚያ አትሥራለት፤ የፕላስቲክ ሙጫ ፎሙን ይበላዋል።

ሐይቅ ዳር

እኔ ስለ እንስሳቱ ብቻ ልናገር፤ ሌላው ተነግሯል።

ድመት ከሰውና ከውሻ የምትለይበት ነገር አለ። ጉበቷ አንዳንድ ኬሚካሎችን፣ በተለይ የፌኖል (በአንዳንድ ፀረ ጀርም ማጽጃ ውስጥ ያለ ኬሚካል) ዘሮችን፣ በደንብ ማጣራት አይችልም። ያረፈባትን ሁሉ ደግሞ በምላሷ ትልሰዋለች። ስለዚህ ጠጉሯ ላይ የነካ ቀለም ሆዷ እንደገባ ይቆጠር። በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ከሆነ ሳይደርቅ በለብ ያለ ውኃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡላት፤ ከደረቀ ጠጉሩን በመቀስ ቁረጡት። የዘይት ቀለም ከሆነ መጀመሪያ የምግብ ዘይት አሹት፣ ከዚያ በሳሙና። ቲነር፣ ላምባ ወይም ቤንዚን በፍጹም አይነካት፤ ከቀለሙ ይበልጥ የሚጎዳት እሱ ነው። ሱፐር ግሉ ጠጉሯን ካጣበቀ አትጎትቱ፣ በአሴቶንም አታስለቅቁ፤ ቁረጡት። ቲነር ወይም ሙጫ ከጠጣች እንድታስመልስ አታስገድዷት፤ ሲመለስ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ብልቃጡን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ።

ብሩሽ የሚታጠብበትን ውኃ ክዳን ባለው ማሰሮ አድርጉት፤ ድመት ከራሷ ሳህን ይልቅ ብርጭቆ ላይ ያለ ውኃ መጠጣት ትወዳለች። የዲካል (በውኃ ርሶ ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክትና ጽሑፍ) ማራሻ ውኃም እንዲሁ።

ክር ትልቅ አደጋ ነው። ለአንቴና ሽቦ የምትጠቀሙበት ቀጭን ክር ትራፊው መሬት ላይ ከቀረ ድመት ትውጠዋለች፣ አንጀቷንም ይሸበሽበዋል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትሳቡት፤ አንጀት ይቆርጣል። እንደዚያው ለሐኪም ነው። ትራፊ ሁሉ ክዳን ወዳለው ቆሻሻ መጣያ ይግባ።

ዶሮዎቹ ሁለት ነገር አለባቸው። ጠጠር ለመፍጫ ስለሚለቅሙ ትንሽና ጠንካራ ነገር ካዩ ይለቅማሉ፤ የተቆረጠ ፕላስቲክም ለእነሱ ጠጠር ነው። ሁለተኛ፣ የወፍ ሳንባ ትነትን ከእኛ ሳንባ በላይ ይስባል። በረንዳ ላይ ስፕሬይ ልትነፋ ከሆነ ዶሮዎቹ ግቢ ይውረዱ፣ ሽታው እስኪጠፋም አይመለሱ።

ድመቷ ጠረጴዛው ላይ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ፍለጋ ነው። የሚሞቀውን አምፖል በኤልኢዲ ቀይሩት፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ደግሞ ባዶ ካርቶን አሮጌ ጨርቅ አንጥፋችሁ ስጧት። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት ወገን በሚያጣብቅ ፕላስተር ከዞራችሁት መዳፏ ላይ መጣበቁን ስለምትጠላ ትተወዋለች።

ለልጁ የምጨምረው፦ የከተር ምላጭ ሲለወጥ አሮጌው በፕላስተር ተጠቅልሎ ይጣል፤ ሳጥኑም ቁልፍ ይኑረው፣ ክዳን ብቻውን አይበቃም።

የላስታ ሰው

ልጄ፣ ቤተ ጊዮርጊስን ከጀሶ መቅረጽህ ጥሩ ነው፤ ሕንፃውም ከአንድ ድንጋይ የወጣ ነውና። ስፋቱ 12 ሜትር በ12 ሜትር ገደማ፣ ከፍታውም ወደዚያው ይጠጋል። በ1:100 ሲሆን 12 ሴንቲ በ12 በ12 ማለት ነው። ጉድጓዱ 25 በ25 ሜትር ገደማ ስለሆነ 25 ሴንቲ ይሆናል፤ እሱን ለብቻው ከካርቶንና ከቀጭን ጀሶ ሥራው፣ አለዚያ ክብደቱን አትችለውም።

ለድፍኑ ብሎክ 1.7 ሊትር ያስፈልግሃል፤ ይህን የሚሰጥህ 1.6 ኪሎ ጀሶና 1.1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ጀሶውን ውኃው ላይ በትን፤ ውኃውን ጀሶው ላይ ካፈሰስክ ይቋጠራል። ሁለት ደቂቃ ጠጥቶ ይቀመጥ፣ ከዚያ አረፋ እንዳይዝ ቀስ ብለህ አማስል። ሻጋታውን ከካርቶን ሠርተህ ውስጡን በፌስታል አልብሰው፤ ካፈሰስክ በኋላ ጎን ጎኑን መታ መታ አድርግ። ቶሎ ከጠጠረብህ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ውኃው ሞቅ ብሏል፣ ወይም ሳህኑ ላይ የደረቀ የቆየ ጀሶ ነበረበት፤ ትንሿ ፍርፋሪ አዲሱን ታፋጥነዋለች። ክረምቱን ተከፍቶ የከረመ ጀሶ ደግሞ እርጥበት ስለሚስብ ደካማ ይሆናል። መጀመሪያ 50 ግራም ለሙከራ በጥብጥ።

መቅረጽ ያለብህ ጠንክሮ ግን ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ያኔ ከተሩ እንደ አይብ ይቆርጠዋል። ለምሳ ስትነሳ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ፌስታል አልብሰው፤ እንዲህ አድርገህ ብዙ ቀን ልትቀርጸው ትችላለህ። ከላይ ጀምር። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ያሉትን ሦስት ተደራራቢ መስቀሎች፣ ቀጥሎ የመስቀሉን አራት ክንዶች፣ መጨረሻ ላይ እርከናማውን መሠረት። ታቹ እስከ መጨረሻው ወፍራም ሆኖ ስለሚቆይ እጅህ የሚይዘው አያጣም፣ ጠርዝም አይሸረፍም። የመስቀሉ ቅርጽ 12 የግድግዳ ፊት ይሰጥሃል፦ ከላይ 12 መስኮት፣ ከታች 9 መስኮትና 3 በር። የታችኞቹ መስኮቶች ድፍን ናቸው፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጎድጎድ አድርጋቸው እንጂ አትብሳቸው።

ብናኙን እርጥብ ቅርፊት እያለ እርጥብ ጋዜጣ ላይ ሰብስበው። ደረቅ ጀሶ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ፤ ወረቀቱን ውኃ ንከረው። የጀሶ ዱቄት በትሪ ክፍት አትተው፤ ድመት የተዘጋጀላት መጸዳጃ ይመስላታል። መዳፏን ስትልስ የዋጠችው ዱቄትም ሆዷ ውስጥ ይጠጥራል። እጅህንና ሳህኑን በባልዲ ታጠብ፤ ዝቃጩ ይርጋና ይጣል፣ ቧንቧ ውስጥ ከገባ ይዘጋዋል። የልጁን እጅ ጀሶ ውስጥ ከትቶ ቅርጽ ማውጣት የሚባል ነገር አይታሰብ፤ ወፍራም ጀሶ ሲጠነክር በሚያቃጥል ደረጃ ይሞቃል።

መድረቁን በሚዛን እወቀው። ያልተቀረጸው ብሎክ እርጥቡ 2.7 ኪሎ፣ ደረቁ 1.9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ያንተ ከተቀረጸ በኋላ ያንሳል። በየቀኑ መዝነው፤ ሁለት ቀን በተከታታይ ካልቀነሰ ደርቋል። በደሴ ክረምት ሁለት ሳምንት ቢፈጅ አይግረምህ። ከሰል አጠገብ አታድርቀው፤ ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ያለውን ውኃ ለቆ ይፈረፈራል። ሲደርቅ ነጭ የእንጨት ኮላ አንድ እጅ በአራት እጅ ውኃ አቅጥነህ ቀባው፣ በላዩ ቀይ ቡኒ አክሪሊክ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቢጫ የድንጋይ ሽበት በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ነካ ነካ አድርገው፤ እሱ ከሌለ ቤተ ጊዮርጊስን አይመስልም።

ገራዶ

የብረት ትሪ ላይ ቁራጭ ሲወድቅ ነጥሮ ይጠፋል። ሰፌድ ይሻላል፤ አይነጥርም፣ ቀላልም ነው።

ቦርከና

አለመንጠሩ እውነት ነው። ግን 1 ሚሊ የምታክል ቁራጭ በስፌቱ መሃል ትገባና አትወጣም፤ ሙጫ ቢፈስበትም ይመጠዋል። ትሪው ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አንጥፍበት፣ መንጠሩ ይቀራል። ለደረቅ ቆረጣ ብቻ ከሆነ ሰፌዱ ላይ ጨርቅ አድርገህ መሥራት ይቻላል።

ጦሳ ሥር

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ የላስታ ሰው፣ የሚዛኑ ነገር ትልቅ እገዛ ነው፤ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። እታለም ሐይቅ ዳር፣ ክሩን ዛሬውኑ ሰብስቤያለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ ክንፍ ላይ የድመት ጠጉር ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ደብዛዛውን ቫርኒሽ በስፕሬይ ልነፋ ብዬም በሙከራ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም መሰለ።

ቦርከና

ጠጉሩ፦ ከደረቀ በወረንጦ አትንቀለው፣ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። 24 ሰዓት ቆይተህ 1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ነክረህ ጠጉሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ፈግፍገው፣ ከዚያ ቀጭን ቀለም ድገመው። ገና እርጥብ ሳለ ካየኸው ደግሞ በረጠበ ሹል ብሩሽ ጫፉን ነክተህ አንሳው። ለሚቀጥለው፣ ከመቀባትህ 20 ደቂቃ በፊት ወለሉን ውኃ እርጭ፤ ብናኙ ይቀመጣል። ፕላስቲኩን በደረቅ ጨርቅ አትወልውል፣ ኤሌክትሪክ ይዞ ጠጉር ይስባል፤ እርጥብ ጨርቅ ይሁን። ጋቢም ለብሰህ አትቀባ፤ ከእሱ የሚረግፈው ክር ከድመቷ ጠጉር ይብሳል።

ነጩ ጉም፦ ቲነሩ ሲተን ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ይይዝና ቫርኒሹ ውስጥ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ስፕሬይ የምትነፋው ፀሐይ በወጣ ቀን ከ4 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይሁን፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ። ጣሳው ከቀዘቀዘ ግፊቱ ስለሚወርድ ይተፋል፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቁመው፣ እሳት ግን አታስጠጋው። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ርቀህ፣ ስስ አድርገህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ንፋ። ቀኑ እምቢ ካለህ በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ በብሩሽ ቀባ፤ ለእሱ ጉሙ አያስጋህም፣ መድረቂያው ብቻ ይረዝማል።

ሲያልቅ ቡፌው ውስጥ ልታስቀምጠው ከሆነ አስቀድመህ ለካ፦ ወርዱ 41፣ ጥልቀቱ 28 ሴንቲ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከሲኒዎቹ መደርደሪያ ለየው፤ እሱ በየቀኑ የሚከፈት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከመታችውም ዲካሉ ይደበዝዛል።