የመድኃኒት ዕፅዋት ንጥር በእንስሳት ክትባት ውስጥ ይግባ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የበሽታ መከላከል አቅምን ያጎለብታሉ የሚባሉ የዕፅዋት ንጥሮች የእንስሳት ክትባት አጋዥ (ክትባቱ የሚቀሰቅሰውን የመከላከል ምላሽ ለማጠናከር አብሮት የሚጨመር ነገር) እንዲሆኑ ይፈቀድ?

ዶሮ አርቢዋ፦ ለምን አይፈቀድም? የዘይት አጋዥ ያለበት ክትባት የተወጋበት ቦታ ሲያብጥና ሥጋው ሲበላሽ ኪሳራው የእኛ ነው። ዕፅዋት ግን ሰውም እንስሳም ሲታከምባቸው የኖሩ ናቸው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ስለ እብጠቱ እውነትዎን ነው፣ እህቴ። ሆኖም መጠጣትና መወጋት ለየቅል ናቸው። ሳፖኒን የተባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር በቀጥታ ደም ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። «ዕፅ ነውና አይጎዳም» የሚለውን ፈጽሞ አልቀበልም።

ተመራማሪዋ፦ ለመሆኑ ንጥሩ ከገባ እኮ ቆይቷል! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዴንማርካዊው ክርስቲያን ዳልስጋርድ በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅለው የኪላያ ዛፍ ቅርፊት ሳፖኒኑን አጣርቶ ኪል ኤ የተባለውን አጋዥ አወጣ። ሳፖኒን ዛሬም ከአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ሆኖ በአፍና እግር በሽታ ክትባቶች ውስጥ ያገለግላል። ለሕፃናት የሚሰጠው አርቲኤስኤስ የወባ ክትባትም ከዚሁ ዛፍ የተገኘ ኪውኤስ 21 የተባለ ሳፖኒን አለበት። ስለዚህ መከራከር ያለብን ስለ ንጽሕናውና ስለ መጠኑ ነው።

ሐኪሙ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የአንድ ተክል ይዘት በወቅቱ፣ በአፈሩና በአነጣጠሩ ይለዋወጣል፤ ያልተለካ ነገር አልወጋም። ደግሞም በየጊዜው «ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት በሽታን ለመዋጋት የሚሠራው ፕሮቲን) ጨመረ» የሚል ውጤት ይቀርብልናል። መጨመሩ ብቻ እንስሳው ከበሽታው ይተርፋል አያሰኝም። የተከተቡትንና ያልተከተቡትን ለበሽታው አጋልጦ ያነጻጸረ ሙከራ አሳዩኝ።

አርቢዋ፦ መርፌው ይቅር። የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ስሰጥ ቅጠል ጨምቄ ብቀላቅልበትስ?

ተመራማሪዋ፦ እባክዎ አያድርጉት! ያ ክትባት ሕያው ቫይረስ ነው። በውሃው ውስጥ ያለ ክሎሪን እንኳን ያጠፋዋል፤ ክሎሪኑን እንዲያከሽፍ ነው የወተት ዱቄት የሚጨመርበት። ቫይረስ የሚገድል ቅጠል ከጨመሩ ዶሮዎቹ እንዳልተከተቡ ይሆናሉ፤ እርስዎ ግን ተከትበዋል ብለው ይዘናጋሉ።

አርቢዋ፦ እሺ፣ አልቀላቅልም። ነገር ግን ማንም የእኔ ብሎ ሊይዘው በማይችል ቅጠል ላይ የትኛው ኩባንያ ገንዘቡን ያፈሳል? ሙከራውን መንግሥት ይክፈል።

ሐኪሙ፦ ይክፈል፤ ውጤቱ «አይሠራም» የሚል ቢሆንም እንኳ ይፋ ይሁን።